ኦክቶፐስ በፍልሰታ

ለተወደድሽው ልጄ ለማክዳ፣

ባሕሩን ያርጋልሽ፤ የምትማሩባትን መርከብ ከነመምህሮቻችሁ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳት። እኛ ደህና ነን። የሕንፃችን ሊፍት እንደገና ተበላሽቷል። ወንድምሽ ሀዲስ ፀጉሩን ተላጭቶ ጆሮ ብቻ ሆኗል፤ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽም እሱ ነው።

ከግሪክ የላክሽውን ፎቶ አየሁት። እግዚኦ! ያ እግሩ ከከንፈርሽ ላይ የተንጠለጠለው፣ ኪንታሮት የወረሰው ነገር ኦክቶፐስ ነው? ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ያውም በፍልሰታ ጾም! «የጎበኘነው ገዳም ቄስ ናቸው የሰጡኝ፣ እዚህ በጾም ይበላል» ብለሻል። ጥፋቱ የኔ ነው። «ግሪኮቹም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ የሰጡሽን ብዪ» ብዬ የላክሁሽ እኔው ነኝ። ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ መቼ ቤታችን ገብቶ ያውቃል?

እኔ ፓርክ ሮያል ሰፈር ያለው ፋብሪካ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ፍጥረት ስልጥ አንዷን እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ማታ እጄን በሎሚ ብፈትገውም ሽታው አይለቅም ነበር። አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነሽ፤ አፍንጫሽን ይዘሽ «እማዬ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪኝ» ትዪኝ ነበር። ታጥቤ ነበር እኮ፣ ልጄ።

በይ፣ እመብርሃን በሰላም ትመልስሽ፤ ትምህርትሽንም ለፍሬ ታብቃልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ኤርፖርት ልቀበልሽ ስመጣ፣ አፍሽን ሳትጉመጠመጪ እንዳትስሚኝ።

እናትሽ አልታየሽ
ቶተንሃም