ሳሊም እንጦጦ ላይ የመለሰው

ዙሌካዬ፣

የእንጦጦ ብርድ የእኛን የጦሳ ተራራ ብርድ ቢያስንቅም ደህና ነኝ። አክራሪነትን ለመከላከል ከየአገሩ ለሥልጠና የመጣነውን ዛሬ የካ ካለው አዳራሽ አውጥተው ተራራው ላይ አናፈሱን።

ከመሃላችን ሳሊም የሚባል ኬንያዊ አለ፤ በወጣትነቱ ከአክራሪዎች ጋር ጫካ ገብቶ የተመለሰ፣ አሁን ሌሎችን የሚመልስ። ከእኛ ከደሴ የመጣው ታዴዎስ ግን፣ ወንድሙን የገደሉት አክራሪዎች ናቸውና፣ ሰላምታ እንኳ ነፍጎት ሰነበተ። ዛሬ ባሕር ዛፉ ሥር ድንገት ዞሮ "ምን ወሰደህ?" አለው።

"ሥራ ፈትቼ ቤት ስውል ጎረቤቱ ሁሉ ሸሸኝ" አለ ሳሊም በአስተርጓሚ። "'ምሳ በልተሃል?' ብለው የጠየቁኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። ስለ ሃይማኖት ያወሩኝ ካጠገቡኝ በኋላ ነው። ወንድምህን አልመልስልህም። ሌላ ልጅ እንዳይሄድ ግን የጠራኸኝ ቦታ እመጣለሁ።"

ታዴዎስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ "እንግዲያው ደሴ ና" አለው።

ጥቅምት ላይ ሁለቱም አብረውኝ ይመጣሉ። አንቺ የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቢ፤ ሳሊምን እንደሚሰሙት አልጠራጠርም። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ሼኽ አባትሽንም ጉልበት ስመሽ ለምኝልኝ፤ ስብሰባውን በዱዓ የሚከፍቱልን እሳቸው ናቸው።

ሲፈን