አረንጓዴው ፊት

ለልጄ ለኦታቪዮ፣ ቤልጂየም፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ። የምትጽፈው ሚስትህ ፊዮሬንዛ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። እንዴት ከረምክ? እኔን ባትጠይቀኝም ደህና ነኝ።

ይቺ ሚስትህ የዘይት ቀለም ሥዕል ልማር ብላ በቤተ ክርስቲያናችን ያለውን፣ አንድ የጥንት ሠዓሊ የሣለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አስመስላ ትሠራለች። ትናንት ሳየው የቅዱሱ ፊት አረንጓዴ ነው! አፍንጫው ደግሞ የቤታችን ቆልማማ አፍንጫ፣ የአንተው ራሱ። ጎረቤቶች አይተው፣ ሬሳ ያዩ ይመስል አማተቡ፤ አባረርኳቸው።

«ልጄን ምን አድርገሽዋል?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አባባ፣ የጥንቶቹ ሠዓሊዎችም መጀመሪያ አረንጓዴ ነው የሚቀቡት። የሥጋው ቀለም ከላዩ ይመጣል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የእሱ ደብዳቤ እስኪመጣ እጄ እምቢ ብሎኛል።»

ሰማህ? ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍክም። ፖስተኛው እንኳ በራችን ላይ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰነፍ! ብዕር ከአካፋ ይከብዳል? እኔ ግን ሚስትህን አዝዣታለሁ፤ ነገ ጠዋት ጉንጭህን ታቀላዋለች፣ ከንፈርህንም። እምቢ ካለች ራሴ በጣቴ እቀባዋለሁ።

እመቤታችን ትጠብቅህ፤ ልብም ትስጥህ። የተቆጣው አባትህ ጋስፓሬ።

በይ ፊዮሬንዛ፣ አሁን የጻፍሽውን አንብቢልኝ። የልጄ ስም ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።