ነጠላሽን ፍለጋ ውጭ አገር ልሄድ ስል

ለእናቴ ለእታለም፣

የቤታችንን ሰው ሁሉ፣ ከብቱንም ጭምር የሚመለከት እጅግ ከባድ ጉዳይ ስለ ደረሰብን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በወጉ ቢሆን ኖሮ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ሊሰማው የሚገባ ነበር። ነጋሪት የሚያውሰኝ ስላጣሁ በእስክሪብቶ አድርጌዋለሁ። ልብሽን አጽኚ። ልጅሽ ከአገር ሊወጣ ነው።

ደንግጠሽ ከሆነ ትንሽ ተንፍሺ። እስክትረጋጊ ድረስ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ።

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱን ትርንጎ ይዛዋለች፤ ይዛዋለች ስልሽ እንደ ምስለኔ ነው። ታናሽ እህቴ መሆኗን ረስታ ስገባ እግሬን፣ ስወጣ ኪሴን ታያለች። አንቺ ቁልፍ የማታውቂለትን ጓዳ ቁልፍ አበጅታለታለች። «ለሌባ ነው» ትላለች፣ እኔን እያየች። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃው ዝም ብሎ ሰው ሲያይ ስለሚውል ዳኛው ብዬዋለሁ። ባሕር ዛፉ ጣራውን አልፎ ሄዷል። ውትርን ወንዝ ላይ ያሉት ያንቺ ሁለት ድንጋዮች ግን እንዳሉ ናቸው፤ አሮጊቷም ግልገሏም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ልብስ ልታጥቢ ስትወርጂ መጀመሪያ የምታዪው ውሃውን ሳይሆን እነሱን ነበር። ትንሿ፣ ግልገሏ፣ ጀርባዋ ከታየ ይታጠባል። ከተሸፈነች ግን ሰማዩ ምንም ብራ ቢሆን «ላይ አገር ዘንቧል» ብለሽ ልብሱን እንደ ተሸከምሽ ትመለሻለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡሄ ደርሶብሽ፣ ግልገሏ እንደ ተሸፈነች እያየሽ «ትንሽ ነገር ናት» ብለሽ ወረድሽ። ያቺ ትንሽ ነገር አዲሲቷን ነጠላሽን፣ ዘርፏ ገና ሳይቋጭ፣ ከእጅሽ ነጥቃ ሄደች።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። አንቺ ወገብሽን ይዘሽ ቆመሽ፣ ነጠላዋ ወንዙ ሲታጠፍ አብራ እስክትታጠፍ ድረስ አይተሽ፣ «አሁን ይቺ የት ልትደርስ ነው?» አልሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው የቤታችን ሆነ።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩና ወሬውን ከእኔ ትጠብቂ ነበር። ውትርን ጨሞጋ ይገባል፣ ጨሞጋ አባይ ይገባል፤ እስከዚህ የነገርኩሽ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን «ለሚቀጥለው ዓመት» ብሎ አቆየው፤ እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሳልደርስ ትምህርት ቤቱ ተገላገለኝ። ስለዚህ የጎደለውን ከራሴ እሞላ ነበር። ራት ላይ «ነጠላዬ የት ደረሰች?» ስትይኝ፣ አንድ ቀን ሱዳን ጉምሩክ ይዟታል እልሻለሁ። ሌላ ቀን የግብጽ ሹም ሚስት ለብሳት ሠርግ ሄዳለች እልሻለሁ። «ዘርፏ ሳይቋጭ? ምን ያለች ባለጌ ናት» ብለሽ ትቆጫለሽ። መዋሸቴን ታውቂያለሽ፤ ማወቅሽንም አውቃለሁ። የምታምነኝ ትርንጎ ብቻ ነበረች፤ አንድ ሰሞን ጉምሩክ የሚባለው ሰውዬ ነጠላውን እንዲመልስ ትጸልይለት ነበር።

ኋላ ታመሽ ተኛሽ። አንድ ቀን ውሃ ላጠጣሽ ስጎነበስ፣ ድምፅሽ ቀጥኖ፣ «ነጠላዬስ?» አልሽኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዕድሜ ልኬን ያልጎደለብኝ ውሸት ያን ቀን ጠፋኝ። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኩሽ። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሱዳን ውስጥ አባይን የሚገድብ የፈረንጅ ኩባንያ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ቁጥር የሚያነብ፣ ጤነኛ የሆነ፣ ዋስ የሚያቀርብ። ቁጥር አነባለሁ። ጤናዬን መሶቡን ጠይቂው። የቸገረኝ ዋስ ነበር። ይህን ከተማ ስለማያምነኝ አልወቅሰውም፤ ከደብረ ኤልያስ ወንድምሽን አያ ደሴን አስጠራሁ።

አያ ደሴን ታውቂያቸዋለሽ፤ ግማሽ ዕድሜያቸውን በርስት ክርክር ፍርድ ቤት ደጅ የጨረሱ ሰው ናቸው። በበቅሎ መጡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ «ዳኛው ማን ነው?» አሉኝ።

«ዳኛ የለም አያ ደሴ። ለሥራ ጥቂት ነገር ይጠይቁኛል እንጂ።»

«የሚጠይቅ ካለ እሱ ነው ዳኛው» አሉኝ። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተሰልፈናል። መጀመሪያ የገባው ልጅ ሲወጣ ከበብነው። ውጭ አገር ለመሥራት ለምን ፈለግህ ነው የሚሉት አለን። «ለደመወዝ ነው አልኳቸው፤ ፊታቸው አላማረኝም።» ሁለተኛው ገብቶ «ዕውቀት ለመቅሰም» አለና ፈገግ አሉለት። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሁሉ ዕውቀት ቀሳሚ ሆነ። ፊደል ያልቆጠረው እንኳ እየተንጎራደደ «ዕውቀት ለመቅሰም፣ ዕውቀት ለመቅሰም» ይላል። እኔም ሸመደድኩት።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ፀሐይ ፊቱን እንደ በርበሬ ያቀላው ፈረንጅ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አስተርጓሚው፣ ከረባቱ አንገቱን አንቆ ይዞታል። «ከአገርህ ወጥተህ ለመሥራት ለምን ፈለግህ?» አለኝ አስተርጓሚው። አፌን ሳልከፍት በስተኋላዬ በሩ ተበረገደ።

አያ ደሴ ናቸው። ጋቢያቸውን አደግድገው መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ። «ጌቶቼ፣ ይህ ልጅ ደም የለበትም። በእኛ አገር ሰው ከአገሩ የሚወጣ ገድሎ ሲሸሽ ነው፤ ይህ ግን ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል። የመንግሥት ግብርም አልበላም፤ የሚያበላው ሹመት የለውም። የሰው ሚስት አልነካም፤ ቢያስብም እንቢ ይባላል። ከሳሽ ካለ ይቅረብና ይማል። እኔ ዋሱ አለሁ።»

በአምላክ፣ እታለም፣ እንደዚያ ቀን ተከብሬና ተዋርጄ አላውቅም። አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው። ለፈረንጁ ምን ብሎ እንዳሳጠረለት እንጃ፣ ፈረንጁ እኔን አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

የሸመደድኩት ዕውቀት ከነመቅሰሙ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው «የእናቴን ነጠላ ልፈልግ ነው» የሚለው ብቻ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ የምንጠይቀው ስለ ሥራ ነው» አለ አስተርጓሚው። «ይሄን አልተረጉምም።»

ፈረንጁ ግን ጠረጴዛውን አንኳኳ፤ ተርጉምልኝ ማለቱ ነው። ተረጎመለት፣ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ። ፈረንጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የት ወደቀች? በምን ወር? ውሃው ጠርቶ ነበር ወይስ ደፍርሶ? ሁሉንም ነገርኩት። አሮጊቷንና ግልገሏን፣ የማጠቢያ ቀንሽን በእነሱ እንዴት ትለኪ እንደ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ ወንዝ ዳር ሳልፍ ሳላያቸው እንደማላልፍ ነገርኩት። አያ ደሴ «ድንጋዮቹን አውቃቸዋለሁ፤ እመሰክራለሁ» እያሉ ከኋላ ያጸኑልኛል።

እንግዲህ ስሚ። ያኔ ልጠይቀው ያጣሁትን ሰው አገኘሁት፤ ይህ ፈረንጅ ወንዙን እስከ ታች ድረስ ያውቀዋል። ነጠላዋ ግብጽ አልደረሰችም አለኝ። ወይ ዛፍ ይዟት ቀርታለች፣ ወይም ከአፈራችን ጋር ወርዳ ሱዳን ሜዳ ላይ ተቀብራለች። የእኛ አፈር እዚያ ሲደርስ ይረጋል፣ ይደራረባል፣ ሰዎቹም ያርሱታል። «ምን ይዘሩበታል?» አልኩት። «ጥጥ» አለኝ።

ሳቅሁ፣ እታለም። ፈረንጁ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። ነጠላሽ ጥጥ ሆና በቅላ ይሆናል፤ አሁን ዘርፏን የሚቋጭላት ታገኛለች።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ውሃው እዚያም ይቀላል? ሌሊት ሲሄድ ድምፅ አለው? እዚያ ልብስ የምታጥብ ሴት ወንዙን ሽቅብ እያየች ይሄ ከየት ይሆን የሚመጣው ትላለች? ይህን የመጨረሻውን ፈረንጁ አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም፤ ግን ትላለች ብዬ ተወራረድኩ። አስተርጓሚው ከረባቱን ፈታ።

በማግስቱ ውጤት ተነገረ። ሱዳን የሚሄዱት ዕውቀት ቀሳሚዎቹ ናቸው። ስሜ ሳይጠራ ሲቀር ሰው ፊቴን እንዳያየው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። አስተርጓሚው ወደ ጎን ጠራኝና ፈረንጁ ለሌላ ሥራ ይፈልግሃል አለኝ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ውሃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ቆሟል። ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደ ደረሰ ጠዋትና ማታ አይቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ወሬው ታች ግድቡ ድረስ ይላካል። «ድንጋይ የሚያይ እንጨትም ያያል ብሏል» አለኝ፣ አሁንም ፊቱን እንዳጨማደደ።

አያ ደሴ ክንዴን ያዙኝ። «ተፈረደልህ?»

«ተፈረደልኝ።»

«ይግባኝ ሳይሉ ቶሎ እንውጣ» አሉና እየጎተቱ አወጡኝ።

መጀመሪያ አኮረፍኩ፤ ታች ልወርድ ስል ላይ ተላክሁ። ኋላ ሳስበው ግን ማንም ሰው ከእኔ በፊት ያን ውሃ አያገኘውም። አንቺ ካጠብሽበት ከውትርን ጋር ገና ሳይገናኝ፣ ጠዋት ከሐይቁ ሲወጣ አየዋለሁ። ከታች ያለችው ሴትዮ ከየት ነው የሚመጣው ብትል፣ ዛሬ ይህን ያህል መጥቶልሻል የሚላት እኔ ነኝ።

ትርንጎ አንድ ነጠላ ፈትላ አሸምናለች። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ውሃው ላይ ልልቀቀው ብዬ ብለምናት ቁልፏን አንቃጨለችብኝ። ስለዚህ በባዶ እጄ አስታውስሻለሁ። ውሃው ወጥቶ እንጨቱን ሲሸፍን «ዛሬ አትውረጂ» እልሻለሁ፣ ሲጎድል «ይታጠባል» እልሻለሁ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ውሃ እስካለ ድረስ። እናቱን በደመወዝ የሚያስታውስ ልጅ በዚህ አገር እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

እንግዲህ ነጋሪት ያስፈልገዋል ያልኩት ጉዳይ ይኸው ነው። ከአገር ሊወጣ ነው ያልኩሽ ባሕር ዳር ነው፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ፣ ከጎጃም እንኳ አልወጣም። እዚያ ያለሽበት የሚጠይቅሽ ካለ ግን «ልጄ ውጭ አገር ነው» በያቸው፤ አያ ደሴ ይመሰክራሉ። አንቺ ብቻ አትደንግጪ። ሥራው እንጨት ማየት ብቻ ነው፤ ትንሽ ነገር ናት።