በጣሪያዬ ላይ ስለበቀለው ቀይ ነጥብ

ለክቡር አቶ ግራንት ሜርሰር
በሃርላን ፎልስ ከተማ የጾታዊ ጥቃት ወንጀለኞች መዝገብ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የተቀመጡበት ወንበርም፣ ከባለጉዳይ ትንፋሽ የሚጠብቅዎ ያ ወፍራም መስታወትም ሁላችሁ ደኅና እንደሰነበታችሁ አምናለሁ። እኔ በበኩሌ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ጤና አላጣሁም። በከተማችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። በመስኮትዎ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች የት እንደሚገቡ ማንም ሊነግረኝ ስላልቻለ፣ ይህኛው እንኳ ከቁርስዎ ጋር እንዲደርስዎ ብዬ ነው።

ስሜ ዶሎሬስ ክራንደል ይባላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በምሥራቅ አልደር መንገድ፣ ቁጥር 212 በሆነው ቤቴ፣ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን እየጠበቅኩ እተዳደራለሁ፤ ወይም እተዳደር ነበር። ዛሬ በዚህ ከተማ ጥርስ ከሚነቅሉት፣ መብራት ከሚጠግኑትና አውቶቡስ ከሚነዱት መካከል አፍንጫቸውን የጠረግኩላቸው ብዙ ናቸው፤ ሁሉም እስከ ዛሬ «ሚስ ዶሎሬስ» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ልመካብዎ ሳይሆን፣ ክፍልዎ በአንዲት ቃል ብቻ ምን ያህል ሥራ መሥራት እንደሚችል ሳያውቁት እንዳይቀሩ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ዝናዬን ስላሰፉልኝ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ የትንሹ ኦወን እናት ኮርትኒ ቫን ከሰዓቷ ቀድማ መጥታ ልጇን ጫማውን እንኳ ሳታጠልቅለት አንጠልጥላ ወጣች። ብደውልላት፣ «ሚስ ዶሎሬስ፣ እባክዎ ከእንግዲህ አይደውሉልኝ። የከተማውን ድረ ገጽ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ምን እንዳየች ብጠይቃት፣ «እቤትዎ ያስቀመጡትን ሰው ነዋ» ብላ ዘጋችብኝ።

እኔም ክፍልዎ በየአውቶቡሱ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚመክረው፣ ድረ ገጹን ከፍቼ የገዛ አድራሻዬን ጻፍኩ። በካርታው ከሚታየው ጣሪያዬ ላይ ቀይ ነጥብ በቀለ። ነጥቡን ስነካው ጢሙ የሳሳ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ፎቶ ወጣ። ስሙ ሮድኒ ለስክ ነው፤ በትንንሽ ልጃገረዶች ላይ ጥቃት ፈጽሞ የታሰረ፣ ሲፈታም ከልጆች ጋር ብቻውን እንዳይገናኝ ፍርድ ቤት ያዘዘው ሰው። መኖሪያው ደግሞ ከእኔ ጋር ነው። ክቡርነትዎ ለዚህች ባልቴት ባል ፈልገውላት ከሆነ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ፤ ምርጫዎ ግን አልተስማማኝም።

ሳምንቱ ሳያልቅ በቤቴ አንድ ልጅ አልቀረም። የመኪና ማቆሚያዬ በር ላይ ስሙን መጻፍ የረሳ አንድ ጀግና በትልቁ «አውጪው» ብሎ ጻፈበት። ከፊት ለፊቴ የሚኖረው ጋስ ፔትራኪስ፣ የባሌን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣና፣ «ዶሎሬስ፣ እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ አላምንም። ግን ላንቺው ስም ሲባል ምድር ቤቱን አንዴ ልየው?» አለኝ። አስገባሁት። የማቀዝቀዣውን ክዳን ሳይቀር ከፍቶ አየ። ከበረዶ አተር በቀር ምንም ስላላገኘ ደረጃውን እያቃሰተ ወጣና፣ «ቢሆንም ድረ ገጹ ይላል እኮ» ብሎኝ ሄደ። ሰው የገዛ ዓይኑን ትቶ የእርስዎን ክፍል ሲያምን ማየት፣ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀላል ክብር አይደለምና እንኳን ደስ ያለዎ።

፪. ስላደረጉልኝ መስተንግዶ።

ስህተቱን ለማሳረም ወደ ክፍልዎ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው ወጣት እጅግ ትሑት ነች፤ ደመወዝ ይጨምሩላት። «እመቤት፣ አድራሻ የሚታረመው ባለቤቱ ራሱ ሲቀርብ ነው» አለችኝ።

«የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አይ፣ የመዝገቡን ባለቤት ማለቴ ነው። የተመዘገበው ሰው።»

«ሰውየው እኮ እኔ ዘንድ አይኖርም።»

«እኛ ጋ ግን እርስዎ ዘንድ ነው የሚኖረው።»

«ታዲያ ከየት ላምጣልሽ?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋ፣ «በአድራሻው ደብዳቤ ይጻፉለት» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለራሴ ቤት ብጽፍ መልሱ ከእርስዎ መልስ ቀድሞ እንደሚደርሰኝ ስለማልጠራጠር ምክሩን አልናቅኩትም። ከድረ ገጽዎ ግርጌ፣ ከጉንዳን በቀር ማንም በማያነበው ፊደል፣ «መረጃው ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ክፍሉ ኃላፊነት አይወስድም» የሚል አገኘሁ። ኃላፊነት ለማይወስድ ክፍል ኃላፊ መሆን እንዴት ያለ የተባረከ እንጀራ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልጆች ካሉዎት ያውርሷቸው።

፫. ከወንዙ ማዶ ስለላኩኝ።

ይህ ምስጋና ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ምሥራቅ አልደር ድልድዩን ሲሻገር ምዕራብ አልደር እንደሚባል በዚህ ከተማ የማያውቅ የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። የእኔ መድኃኒት ስንት ጊዜ ወደዚያ ሄዶ፣ የዚያ ሰፈር ጋዜጣ ስንት ጊዜ ወደ እኔ መጥቷል። ስለዚህ ካፖርቴን ደርቤ ተሻገርኩ። በምዕራብ አልደር ቁጥር 212 ቀለሙ የተላላጠ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ ላይና ታች ለየብቻ ተከራይቷል። በላይኛው የፖስታ ሣጥን ላይ «ለስክ» የሚል ተጽፎበታል። ሰውየው አልተደበቀም፤ እርስዎ ደብቀውት ምን አደከመው።

በካልሲ ሆኖ ከፈተልኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ገብቶ ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣ። «ይኸው፣ ምዕራብ ብዬ አስመዝግቤያለሁ። የእነሱ ጣት ምሥራቅ ብሎ ከጻፈ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሄደህ አሳርመው» አልኩት።

«እመቤት፣ ከዚህ በፊት በኖርኩበት ሁሉ መስኮት ሰብረውብኛል። እዚህ ሰው ሁሉ እንደምን ዋልክ ይለኛል። የትኛው ሞኝ ነው በገዛ እግሩ ሄዶ ይህን የሚያበላሸው?»

እውነቱን ለመናገር፣ የተቀጣ ሰው የሆነ ቦታ መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሁለት ልጃገረዶች የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን እንደያዙ ወደ ግቢው ገቡ። ታናሺቱ፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የወለቀ፣ ደረጃውን እየሮጠች ወጣችና፣ «ሚስተር ሮድ፣ ዛሬም ድመቷን እናያለን?» አለችው።

ሰውየው እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «አሁን እንግዳ አለብኝ፣ የኔ ቆንጆ፤ በኋላ ነይ» አላት።

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከልጆች ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ። በዚያች ቅጽበት ስለ ጣሪያዬም፣ ስለ ስሜም፣ ስለ ባዶው ቤቴም ረሳሁ። ከደረጃው ወርጄ ታችኛው በር ላይ ቁጭ አልኩ፤ የልጆቹ እናት እስክትመጣም አልተነሣሁም።

እናታቸው ጃኔል ሆስኪንስ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ደክሟት ነበር የመጣችው፤ የማታውቃት አሮጊት በሯ ላይ ተቀምጣ ስለ ፎቅ ጎረቤቷ ስታወራላት ደስ አላላትም። «ይስሙኝ፣ እኔ ቤት ከመከራየቴ በፊት ፈትሻለሁ» ብላ ስልኳን አወጣች። «ይኸው፣ ይመልከቱ። ይሄ መንገድ ንጹሕ ነው። አንዱ ነጥብ ያለው ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ለዚህ ብዬ ነው እዚያ ያልተከራየሁት።» ከወንዙ ወዲያ ያለው ነጥብ የእኔ ቤት ነበር። «ከተማው ያላወቀውን እርስዎ ከየት አወቁት?» አለችኝ።

ልትገባ በሩን ስትከፍት፣ «የመንገዱን ስም ተይው። የሰውየውን ስም ጻፊ» አልኳት። እኔን ለማሰናበት ብላ ጻፈች። ፎቶው ወጣ። ስልኩን አየች፣ የላዩን መስኮት አየች፣ ከዚያ ታናሺቱን ልጅ ወደ ራሷ አስጠግታ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ኪያራ፣ የሚስተር ሮድን ድመት ልታዪ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«አዎ፣ ግን ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። አከራዩ ድመት አይፈቅድም።»

«ነካሽ?»

«ድመቷ?»

«እሱ።»

«አይ። ነገ ግን ፀጉሬን ሊሠራልኝ ነው።»

ጃኔል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቁልፉን ከእጇ ተቀበልኳት። ትንሽ ቆይታ ትልቋን፣ «ልብሳችሁን አምጪ፤ ሁሉንም» አለቻት።

ለፖሊስ ደወልን። ስልኩን ያነሣው መኮንን፣ ሰውየው እዚሁ ከላያችን ነው ብንለውም፣ ስሙን ከመዝገቡ ፈልጎ፣ ሮድኒ ለስክ የሚኖረው በምሥራቅ አልደር ስለሆነ መኪና ወደዚያ እንደሚላክ አረጋገጠልን። ቃሉንም ጠበቀ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ «አውጪው» የተባለበትን ቤቴን ሲያንኳኩ ሰውየው ከወንዙ ማዶ ሻንጣውን ይዘጋ ነበር። በማግስቱ ጋስ ፔትራኪስን ይዤ ስሄድ በሩ ክፍት ነበር፤ ድመት ግን በዚያ ቤት ኖራ የምታውቅ አትመስልም፤ የምትበላበት ሳሕን እንኳ የለም። ጋስ የቁም ሣጥኑን በር ሳይቀር ከፍቶ አየ። ሲመለስ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ገዝቶ የመኪና ማቆሚያዬን በር ቀባልኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስገደድኩትም።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኛ ግን ለአህያው ቢሮ ሰጥተን፣ ካርታ ሰጥተን፣ ማስታወቂያ ለጥፈንለት ተኝተናል። ሮድኒ ለስክ ዛሬ የት እንደሚኖር፣ የማንን ልጅ ፀጉር እሠራለሁ እያለ እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በመዝገብዎ መሠረት ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጧል።

ጃኔልና ልጆቿ አሁን የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። የሌሎች ሰዎች ልጆች ከቀትር በኋላ ይተኙበት በነበረው ክፍል ውስጥ አልጋ ዘረጋንላቸው። ኮርትኒ ቫን አልተመለሰችም፤ አልፈርድባትም፤ እናት ናት፣ ያመነችውም መንግሥቷን ነው። ኪያራ ትናንት ሾርባዋን ትታ፣ «ሚስ ዶሎሬስ፣ ሚስተር ሮድ እዚህ ይመጣል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አይመጣም» አልኳት።

«የእማማ ስልክ ግን እዚህ ነው ያለው ይላል።»

«ስልኩ ተሳስቷል።»

«ታዲያ ማንም አያርመውም?»

ለዚህች ልጅ የሚሆን መልስ በቤቴ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ጥያቄዋን እንዳለ ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፋለሁ።

ወንበርዎ እንዲረጋ፣ መስታወትዎ እንዳይሰነጠቅ፣ ጡረታዎ በሰላም እንዲደርስልዎ፣ ሲደርስም ወደ ትክክለኛው አድራሻ እንዲላክልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አክባሪዎ፣
ዶሎሬስ ክራንደል
ሃርላን ፎልስ፣ አልደር መንገድ፤ ምሥራቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ከከተማው የሕፃናት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት አንዲት ጨዋ ሴት መጥታ፣ ሁለት ልጃገረዶች በተመዘገበ ወንጀለኛ ቤት ስለምን እንደሚያድሩ ጠየቀችን። ልጆቹ ከዚያ ሰው ወለል ሥር ሲኖሩ ስለምን እንዳልመጣች ብጠይቃት፣ «እዚያ እኮ ምንም የተመዘገበ የለም» አለችኝ። ነጥቡ እስኪነሣ ጃኔል ልጆቿን ስጋት ወደሌለበት መንገድ እንድታዛውር በትሕትና አሳስባለች። ጃኔልም ታዝዛ ድረ ገጽዎን ፈተሸች። አቅሟ ከሚፈቅደው ሰፈር ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ያገኘችው ምዕራብ አልደርን ነው።