ቢ ኾሌን ከሞተች በኋላ ይቅርታ ላስጠየቁ ክቡር አዘጋጅ

ለክቡር ሼኩዌ ባዳር፣
የባህልና የፊልም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ «እመቤት ነበልባል» የተባለው ፊልም ደራሲ፣ አዘጋጅና የታሪክ አማካሪ፤ በዚያው ፊልም ውስጥም የከተማውን ሹም ሆነው የተጫወቱ
ላሙ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በፊልሙ ማብቂያ ላይ ቢ ኾሌ እግርዎ ሥር ወድቃ ይቅርታ ጠይቃ እስክትጨርስ ድረስ ቀጥ ብለው የቆሙበት ባትዎ ደህና ነው ወይ? እኛ የምኮማኒ ሰፈር ሰዎች፣ ፊልምዎን ካየን ወዲህ ሳቅ እያፈነን ሶላት ከማበላሸታችን በቀር፣ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነች አንዲት ሴት አለች፤ ወደ እሷ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ምስጋና የሚገባውን ላመስግን።

ይህን ደብዳቤ ከፊልምዎ በቀር ሌላ የማያውቁ ሰዎችም ሊያነቡት ስለሚችሉ፣ ቢ ኾሌ ማን እንደነበረች በአጭሩ ልናገር። ሌሶ በምንለው፣ ሴቶች በሚለብሱት ጥንድ ጨርቅ ጠርዝ ላይ የሚታተመውን ጥቅስ የምታወጣ ሴት ነበረች። እናቶቻችን የሌሶውን አንዱን ግማሽ ከወገባቸው፣ ሌላውን ከትከሻቸው አድርገው ሲወጡ፣ ለጎረቤት በአፋቸው የማይሉትን በጨርቃቸው ይሉት ነበር፤ ቃሉን የምታቀብላቸው ቢ ኾሌ ናት። «ደጄን ስትጠብቂ ወጥሽ አረረ» የሚለው የእሷ ነው፤ በእሱ የተነሳ እስከ ዛሬ የተኳረፉ ቤተሰቦች አሉ። የወቅቱ ሹም በስተርጅና አንዲት ለጋ ልጅ ባገቡ ሰሞን፣ የከተማዋ ሴት ሁሉ «ጥርስ ለሌለው ማን ሸንኮራ ገዛለት» የሚል ሌሶ ለብሳ በደጃቸው ያለፈችውም በእሷ ምክንያት ነው። በመስጊድ ስሟ እየተጠራ ተወገዘች፤ ገበያዋም በዚያ ሳምንት ደራ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ፈረሱ ነው። ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ግድ በሚሆንበት መንገዳችን ላይ ፈረስ ለማስጋለብ ማሰብዎ ብቻ ድፍረትዎን ያሳያል። ፈረሱ ከማዶ በጀልባ ሲመጣ ባሕሩ አዙሮት፣ መውረጃው ላይ ተኝቶ አልነሳም ማለቱን ሁላችንም አይተናል፤ እንደ እኔ ግምት ከተዋንያኑ ሁሉ ስፍራው እንደማይሆነው የተረዳ እሱ ብቻ ነበር። በእሱ ምትክ የተጋለበውን ግን የጎረቤታችን የቡኑ ሚስት ገና ብቅ ሲል አውቃው «እንዴ! ይሄ የኛ አህያ አይደል እንዴ? ጆሮውን ምን አርገውት ነው?» ብላ ስለጮኸች፣ ሹሙ ያደረጉትን አስፈሪ ንግግር አዳራሹ ሳይሰማው ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ ደራሲ እንዴት እንደሚጽፍ ስላስተማሩን። በፊልምዎ ውስጥ ቢ ኾሌ በሻማ ብርሃን፣ በላባ ብዕር፣ የወይን ብርጭቆ በእጇ ይዛ፣ እየተነፈሰች ትጽፋለች፤ ወረቀት ትቀድዳለች፤ ደግሞ ትተነፍሳለች። በዚያ ቤት ከሁመር ጭማቂ በቀር የተቀዳ ነገር አልነበረም። ቢ ኾሌ ጥቅስ የምታወጣው የኮኮናት መፋቂያ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እየፋቀች፣ ጮክ ብላ ነበር። ከፊት ለፊቷ ዓሣ የምታጸዳው አክስቴ ዜያና «እሱ አያናድድም፤ ሌላ አምጪ» ትላታለች። እስኪያናድድ ድረስ ኮኮናቱ ይፋቃል፤ ስለዚህም የቢ ኾሌ ወጥ ሁልጊዜ ኮኮናት ይበዛበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሴትዮዋ አራት ባሎች እንደነበሯት እየታወቀ ለጨዋነትዋ አስበው አንድ ብቻ ስለፈቀዱላት። እሱም ከሹሙ እጅ አድኗት በጀልባ ሲወስዳት እጅግ ያምራል። የቀሩት የሦስቱ የልጅ ልጆች ግን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው «አሁን የኛ አያት ይወጣል» እያሉ ሲጠብቁ አምሽተው፣ ሳይወጣ መብራት በራ።

አራተኛ፣ ስለ አለባበሱ። ተዋናይቷ ሌሶዋን ስትለብስ ጥቅሱን ሆዷ ላይ ገልብጣ ቋጥራዋለች፤ የገዛ እምብርቷን የምትሰድብ ሴት ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ሴት ወደማይወጣበት የቀብር ስፍራም ሴቶች ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው ወጥተዋል፤ ለእንባቸው መጥረጊያ የተሰጣቸው ሌሶ ላይ «ሙሽሪት ሆይ፣ ደስ ይበልሽ» የሚል ጥቅስ ነበረበት። እውነቱን ለመናገር፣ ቢ ኾሌ ብታየው ትወደው ነበር።

አምስተኛውን በቁጥር ላስገባው አልቻልኩም።

በፊልምዎ ውስጥ ዜያና የምትባል አገልጋይ አለች፤ ለአንድ ጥንድ ጉትቻ ስትል እመቤቷን ለሹሙ አሳልፋ ትሰጣለች። ክቡር ሆይ፣ ዜያና አገልጋይ አልነበረችም፤ የቢ ኾሌ ጓደኛ ነበረች። ደግሞም በሕይወት አለች። የእናቴ እህት ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ ቤታችንም ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ይታያል። የታሪክ አማካሪው በራችንን አንድ ቀን ቢያንኳኩ ኖሮ ሻይ እናጠጣዎት፣ የሆነውንም እንነግርዎት ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በሸንኮራው ጥቅስ የተናደዱት ሹም ቢ ኾሌን አስረው እንዲያመጡ ዘበኞች ሲልኩ፣ ጥቁር መከናነቢያዋን ተከናንባ «ኾሌ እኔ ነኝ፤ ምን ፈለጋችሁ?» ብላ የወጣችው ዜያና ናት። ሹሙ የቢ ኾሌን ምላስ እንጂ ፊቷን አያውቁትም። እሳቸው ሌላ ሴት አስረው ሲገሥጹ፣ የሚፈልጓት ሴት ሞምባሳ ገብታ የሚቀጥለውን ሌሶ ታሳትም ነበር። በእስር ቤቱ እርጥበት የጀመራት ሳል እስከ ዛሬ አክስቴን አልለቀቃትም።

አሁን የሰፈር ልጆች በደጃችን ሲያልፉ «ዜያና! ጉትቻሽን አሳዪን!» ይላሉ። አስጎብኚዎችም እንግዳ አስከትለው መጥተው «የከሃዲዋ ቤት ይሄ ነው» ይላሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ማታ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ከደጃችን የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስትተርብ የኖረች ሴት፣ ከፊልሙ ምረቃ ወዲህ ከቤት መውጣት ተወች። «ልጆቹ ምን ያርጉ፣ ያዩትን ነው የሚሉት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያንገበግበኛልም። የማክበሪያ ቃል ስላጣሁለት ነው እንዲህ በደረቁ የጻፍኩት።

ፊልምዎ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ እንደሚታይ ሰምተናል። ስለዚህ ልመናችን አንድ ብቻ ነው፤ የጉትቻውን ትዕይንት ቆርጠው ያውጡልን። ፈረሱን ተውነው። ወይኑንም ይጠጡት። ሦስቱንም ባሎች፣ የልጅ ልጆቻቸው ቅር ቢላቸውም፣ እንደ ሞቱ እንቁጠራቸው። መቁረጡ የማይሆንልዎ ከሆነም ወደ ቤታችን ጎራ ብለው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ከሃዲ ይበሏት፤ ሻዩ አሁንም አለ።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ዓርብ ስለ ፊልምዎ በተሸለሙ ጊዜ የሰፈራችን ሴቶች በትከሻዎ ላይ ያኖርነውን ሌሶ ዝቅ ብለው ስለተቀበሉን፣ ለብሰውትም ከመድረኩ እስከ ጀልባ መውረጃው ድረስ በከተማው መሐል ለመሐል ስለሄዱበት፣ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ጀልባዎ ነፋስ፣ አህያዎ ጆሮ እንዳያጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ የጥበብዎ ታዛቢ፣ የትሕትናዎ ምስክር፣ የመስኮትዎም ጎረቤት የሆንኩት፣

ምዋናሻ ቢንት ሻሌ
ከዜያና ቤት

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር፦ በፊልምዎ ውስጥ የሌሶ ጥቅስ ሆድ ላይ ታስሮ ስናይ፣ ጥቅስ ከኋላ እንደሚነበብ እንደማያውቁ ገባን። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ከፊትዎ ያለውን የጨርቁን አበባ እያዩ ሲራመዱ፣ ከኋላዎ የተከተለው ሕዝብ የሳቀው በሽልማቱ ተደስቶ እንዳይመስልዎ። በጀርባዎ ላይ ያለው «ሳትበላ ስታገሳ ሰማንህ» የሚል ነው። ያወጣችው አክስቴ ዜያና ናት፤ ፊቷን ከግድግዳው የመለሰችውም ለእሱ ብላ ነው፤ እኔ ኮኮናት እየፋቅሁ «አያናድድም» ስላት ቆይቼ፣ ይኸኛው ላይ ስንደርስ መፋቄን አቆምኩ። ሌሶ እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ጥንድ ነው። ሌላኛው ግማሽ እሷ ትከሻ ላይ አለ። ይህን ስጽፍ እንደገና ወጥታ ከደጃችን መደብ ላይ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ጥንዱ ማን ጋ እንዳለ ለሚጠይቃት ሁሉ በአገጯ ወደ መስኮትዎ ታሳያለች።