አርባ አምስት ሴንቲሜትር ስለጨመሩልኝ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በየቀኑ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣዎ ጉልበትዎስ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ፣ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ባለችን አንዲት ክፍል ተዛዝለን ደህና ነን።

የስፌት ማሽኔ ድምፁ ስለሚረብሽ እስከ ዓርብ ከኮሪደሩ መስኮት ሥር ተነሥቶ ቤት እንዲገባ ያዘዙበት ደብዳቤ ደርሶኛል። በጠባብ ቤት የስፌት ቦታን ስለማደራጀት የሚመክር ወረቀት አባሪ ስላደረጉልኝም እግዜር ይስጥልኝ፤ ሃያ ዓመት ስሰፋ መርፌ የት እንደሚቀመጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ምክሮቹን ሞክሬያቸዋለሁና ውጤቱን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ክሮች ግድግዳ ላይ በሚስማር ይሰቀሉ ይላል። ግሩም ነው። ነገር ግን አምና በፊርማዎ የወጣው ደንብ ሚስማር መምታትን ስለሚከለክል፣ የትኛውን ፊርማዎን እንደማከብር ግራ ገብቶኝ ክሮቼን በብስኩት ቆርቆሯቸው ውስጥ ትቻቸዋለሁ።

2. ለመቁረጫ፣ ለመስፊያና ለመተኮሻ የተለያየ ጠረጴዛ ይኑር ይላል። አለን፤ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ናቸው። የምግቡም ያው እሱ ስለሆነ ባለቤቴ ዳቦ ከመቁረሱ በፊት ስፒል መፈለግ ከለመደ ቆይቷል።

3. አልጋ ሥር ጨርቅ ይቀመጥ ይላል። እኛ ቤት አልጋ ሥር እንኳን ጨርቅ፣ አቧራም ተራ ጠብቆ ነው የሚገባው።

4. ይህኛው የወረቀቱ ሳይሆን የራስዎ ነው። ማሽኑ በእናቴ አልጋና በበሩ መካከል ባለው ትርፍ ቦታ እንዲቆም በእርሳስ ሥለውልኛል። ያ ትርፍ ቦታ እንዴት እንደተገኘ ልንገርዎ። ክፍሉን ሊለኩ የመጡ ዕለት ሜትር ረስተው የእኔን ከአንገቴ ላይ ወሰዱ። የዚያ ሜትር የመጀመሪያው አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ተቀድዶ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ በለካሁ ቁጥር እየቀነስኩ ነው የምሠራበት። እርስዎ ግን ሳይቀንሱ ሦስት ጊዜ ስለዘረጉት ክፍላችን በቃለ ጉባኤ አርባ አምስት ሴንቲሜትር ረዘመች። ልነግርዎ ነበር፤ የደንበኛ ቀሚስ እያስተካከልኩ አፌ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር ግን ራሴን እየወዘወዝኩ እምም ከማለት በቀር አልቻልኩም። እርስዎም ተስማምታለች ብለው ጻፉ።

ማሽኑ ከገባ በሩ አይከፈትም፤ በሩ እንዲከፈት ደግሞ የእናቴ አልጋ መውጣት አለበት። ክፍላችን መስኮት ስለሌላት፣ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የማየው በዚያ በኮሪደሩ ብርሃን ብቻ ነው፤ የሦስታችንም ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያው ማሽን ላይ ነው። ጨዋታው እንዳለ ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር ከፍቶኛል። ስለዚህ ማሽኑ ባለበት እንዲቆይ፣ ካልሆነም ክፍሉ በጤነኛ ሜትር እንደገና እንዲለካ እለምናለሁ።

የማያልቅ ወረቀትና የማይነጥፍ ቀለም ይስጥዎ እያልኩ፣ የኮሪደሩን ወለል በየማለዳው የምጠርግልዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎን ሳነብላት እናቴ፣ «እንግዲያው ማሽኑ ይግባ፣ እኔ ልውጣ» ብላለች። ደንቡን ሦስቴ አነበብኩት፤ ኮሪደር ላይ የሚከለክለው ማሽን እንጂ እናት አይደለም። ስለዚህ ከዓርብ ጀምሮ በመስኮቱ ሥር፣ ከበርዎ ፊት ለፊት፣ እናቴን ከነአልጋዋ ያገኟታል። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ የት ዋልክ፣ ምን በላህ፣ ለምን ከሳህ ሳትል አታሳልፍም። ማሽኑ እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ይል ነበር።