ከስንዴ ወደ ገብስ

ጥር 6
ዛሬም ቁፋሮ። ጥንታዊ ከተማ ሲባል ሰው ሁሉ ወርቅ ይመስለዋል... እኔ የደረሰኝ የከሰለ እህል ነው። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር እያጠብኩ ፍሬ ስለቅም ዋልኩ። ከታች ስንዴ ብቻ። ከሱ በላይ ግማሽ ስንዴ፣ ግማሽ ገብስ። ከዚያ ገብስ ብቻ። ከዚያ ባዶ።

አለቃችንን ለምን እንዲህ ሆነ አልኩት። ሰዎቹ ወንዙን በቦይ ጠልፈው ሜዳውን ስንት ዘመን ሲያጠጡት መሬቱ ጨው አወጣ አለኝ። ስንዴ ጨው አይችልም፣ ገብስ ትንሽ ይችላል። በመጨረሻ ገብሱም አቃተው። ከተማውን ጥለው ሄዱ።

በገዛ እጃቸው! ምሳ በልተን ቀጠልን።

ጥር 9
እረፍት። ቤት ሄድኩ። አባዬ አዲሱን የመስኖ ፓምፕ ሊያሳየኝ ቸኩሎ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ማሳው ድረስ ጎተተኝ። ታናሽ ወንድሜ በወሩ መጨረሻ የሹፍርና ሥራውን ለቆ ከሱ ጋር ሊያርስ ነው። አባዬ ራሱ ነው ና ያለው። ደስ አለኝ።

ከዚያ የታችኛውን ማሳ አየሁ። ገብስ። ይሄ ማሳ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንዴ ነው! ምነው ስለው፣ ስንዴው ፊት ነሳኝ አለና ወሬ ቀየረ።

ጥር 10
የታችኛው ማሳ ዳር ዳሩ ላይ አፈሩ ነጥቷል ወይስ መስሎኝ ነው? አቧራ ይሆናል። አዎ፣ አቧራ ነው... ታዲያ ልቤ ለምን አላርፍ አለ?

ጥር 13
ሁለት ጊዜ ናሙና አደባለቅኩ። አለቃችን ልብሽ የት ነው አለኝ። 

ለአባዬ ልንገረው? ዕድሜውን ሙሉ ላረሰ ሰው ስለ መሬት ላስተምርህ ልበለው? ባልነግረውስ... ታናሼ እንጀራውን ሲጥል ቆሜ ልይ?

ጥር 16
አላስችል አለኝ፣ ሄድኩ። አባዬን ቦይ ሲጠርግ አገኘሁት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩለት። ይስቃል ወይ ይቆጣል ብዬ ነበር። አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ከገብሱ በኋላ ምን ዘሩ?"

"ምንም፣ አባዬ።"

አካፋውን መሬት ላይ አጋደመ። ከዚያ ከካቻምና ጀምሮ ጨው መሆኑን እንደሚያውቅ ነገረኝ። አፈሩን እየቀመሰ ነበር። ታናሼን የጠራው ጉልበት ቢጨመርበት መሬቱ የሚመለስ መስሎት ነው... ተናደድኩበት። አንጀቴንም በላው። ሁለቱንም በአንዴ።

ጥር 17
እዚያው አደርኩ። ጠዋት አባዬ ፓምፑን አላስነሳውም። ስልኬን ተቀብሎ ለታናሼ ደወለ። ሥራህን እንዳትለቅ አለው። ታናሼ ለምን ሳይለው አልቀረም።

"መሬቱ ታሟል፣ ልጄ። ያሳመምኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩን መለሰልኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በጠዋት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።